የሥራ ቫንና የፒክአፕ የኋላ ዲፈረንሻል ክዳን አመራረጥና አገጣጠም

በሚኒሶታ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በየክረምቱ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ሆድ ሲበላ፣ ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ የኋላ ዲፈረንሻል ክዳን ነው፤ ዲፈረንሻል የሚባለው የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ስብስብ ነው። ክዳኑ በኋላ አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያያይዘው አካል) መሐል፣ ከመኪናው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ፊት ለፊት የሚታይ፣ ዙሪያውን በቡሎን የታሰረ ጎድጓዳ ብረት ሲሆን፣ ፋብሪካው የሚገጥመው በአብዛኛው ከብረት ላሜራ ተጨፍልቆ የተሠራውን ነው። ቀለሙ ከተላጠ በኋላ ዝገቱ ውኃና ጭቃ ከሚተኛበት ከታችኛው ጠርዝ ይነሣና ወደ ቡሎኖቹ መቀመጫ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዘይቱ መጀመሪያ እንደ ላብ፣ ቆይቶም በጠብታ መውጣት ይጀምራል። ዕቃ በማመላለስ ወይም በእጅ ሙያ ለሚተዳደር ሰው ቫኑ የዕለት እንጀራው ስለሆነ፣ ጥገናው በአንድ የእረፍት ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ሊያልቅለት ይገባል፤ ይህም የሚሆነው መኪናው ሳይፈታ በፊት ትክክለኛው ክዳን በእጅ ከገባ ነው። የተሳሳተ ክዳን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ለመለዋወጫ ሻጩ የመኪናውን ስም ነግሮ የአክስሉን ስም ሳይነግረው ሲቀር ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ረዘም ብሎ የሚቆየው በአክስሉ ላይ ነው።

1. አክስሉ ተነቃይ ክዳን እንዳለው ማረጋገጥ

ከመኪናው በስተኋላ ሆኖ የአክስሉን መሐል መመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው። በጎድጓዳው ብረት ዙሪያ የቡሎን ጭንቅላቶች ከታዩ ክዳኑ ይነቀላል ማለት ነው። የፎርድ፣ የጄነራል ሞተርስና የራም ቫኖችና ፒክአፖች በብዛት የሚይዙት ይህን ዓይነት አክስል ነው፤ ኮሮናው (ትልቁ ክብ ባለ ጥርስ) እና በአብዛኛው ፒኞኔውም (ኮሮናውን የሚያሽከረክረው ትንሹ ባለ ጥርስ) የሚገቡትና የሚወጡት በኋላ በኩል በመሆኑ የኋላው ፊት ክፍት ሆኖ በክዳን መዘጋት አለበት። በአንጻሩ የኋላው ጉልላት ለስላሳና ቡሎን የሌለው ሆኖ፣ ማሰሪያዎቹ ከፊት፣ በካርዳኑ (ኃይልን ከሞተር በኩል ወደ አክስሉ በሚያመጣው ዘንግ) በኩል ከታዩ፣ ዲፈረንሻሉ ተጠቃልሎ በፊት በኩል የሚወጣ ነው፤ ከኋላ ያለው ጉልላት ከአክስሉ ጋር የተበየደ ስለሆነ ለብቻው የሚገዛ ክዳን የለውም።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚበዙት ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ሃይኤስና ላንድክሩዘር፣ እንዲሁም የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች በአመዛኙ የዚህ የሁለተኛው ወገን ናቸው። ስለዚህ አገር ቤት ያለ ዘመድ «የሃይሉክስ የዲፈረንሻል ክዳን ግዛልኝ» ብሎ ሲልክ፣ ሱቅ ከመሄድ በፊት የአክስሉን ፎቶግራፍ ከፊትም ከኋላም አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚፈልገው ምናልባት የፊቱን ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ የሚገባውን ማሸጊያ) ወይም ኦይል ሲሉን (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግደውን ቀለበት) ሊሆን ይችላል፤ ጉልላቱ ዝጎ ከተቀደደም መፍትሔው ያለው በብየዳ ባለሙያ ዘንድ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ተነቃይ ክዳን ያላቸውን አክስሎች የሚመለከት ነው።

2. ዘይቱ የሚወጣው ከክዳኑ መሆኑን መለየት

ዲፈረንሻል ዘይት የሚያፈስባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከፊት በካርዳኑ ማያያዣ ዘንድ ያለው የፒኞኔ ኦይል ሲል ሲያረጅ የሚወጣው ዘይት መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ወደ ኋላ እየገፋው ክዳኑን ያለብሰዋል፤ ከታች የሚያይ ሰውም ክዳኑ ያፈሰሰ ይመስለዋል። አክስሉ ሙቀት በሚያገኝበት ጊዜ የሚሰፋውን አየር የሚያስወጣው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ወይም በዝገት ከተደፈነ ደግሞ ግፊቱ ዘይቱን ባገኘው ደካማ ቦታ ሁሉ ይገፋዋል፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ክዳን ብቻ መለወጥ ፍሳሹን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አያቆመውም። መተንፈሻው በአብዛኛው በአክስሉ ቱቦ ላይኛው ፊት ላይ ስለሚገኝ፣ ተነቅሎ ሊጸዳ ወይም በርካሽ ሊለወጥ ይችላል።

እርግጠኛ ለመሆን የአክስሉ መሐል በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ታጥቦ እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላ፣ መኪናው ጥቂት ተነድቶ ወዲያው መታየት አለበት። ፍሳሹ በክዳኑና በአክስሉ መጋጠሚያ መስመር ብቻ ከታየና ክዳኑ ራሱ ያልተበላ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው አዲስ ጓርኒሲዮን ወይም ሲሊኮን ብቻ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ዝጎ ልጣጩ በካቻቢቴ ጫፍ ሲፋቅ በቅጠል በቅጠል የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ አዲስ መግዛት ግድ ነው፤ የጎደጎደ ላሜራ ከሚሽከረከረው ኮሮና ጋር ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ የፍጭት ድምፅ ከተሰማ እስከ መደብሩ ድረስም ቢሆን መንዳት አይገባም።

3. አክስሉን በስሙ ማወቅ

አንድ ዓይነት መኪና እንደ ተሠራበት ዓመትና እንደሚሸከመው ክብደት የተለያየ አክስል ሊይዝ ይችላል። ፎርድ ኢ-350 ዳና የተባለው አምራች የሚሠራውን ዳና 60 አክስል ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ጎማ ያለው ኢ-350 ደግሞ ዳና 70 ሊይዝ ይችላል። ሼቭሮሌት ኤክስፕረስም እንዲሁ 9.5 ወይም 10.5 ኢንች የሚባለውን አክስል ይይዛል። እነዚህ ቁጥሮች የኮሮናውን ስፋት በኢንች የሚናገሩ ሲሆኑ፣ የዳና ቁጥሮች ግን የሞዴል ስም እንጂ ልኬት አይደሉም። ስለዚህ ሻጩ «መኪናህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የአክስሉን ስም የጨመረ መሆን አለበት።

ስሙ የሚገኝባቸው ቦታዎች የሚከተሉት ናቸው። በፎርድ መኪናዎች ላይ በሾፌሩ በር ጠርዝ በተለጠፈው ወረቀት «አክስል» ከሚለው ቃል ሥር አጭር ኮድ ይታያል፤ ከዚህም ሌላ ከክዳኑ ቡሎኖች በአንዱ ሥር ትንሽ የብረት ምልክት ታስሮ ይገኛል። በዚህ ምልክት ላይ የጥርሶቹ ሬሾና የኮሮናው ስፋት የተቀረጹ ሲሆን፣ በሬሾው ቁጥሮች መካከል «ኤል» የሚለው የላቲን ፊደል ከገባ ዲፈረንሻሉ መንሸራተትን የሚገታ ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ይህም ክዳኑን ባይለውጥ እንኳ በኋላ የሚገዛውን ዘይት ይወስናል። በጄነራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ በቆዩት ሞዴሎች የጓንት ማስቀመጫ ክዳን ውስጥ የተለጠፈው የኮድ ዝርዝር ይነበባል፦ ጂዩ6 ማለት 3.42፣ ጂቲ4 ማለት 3.73፣ ጂቲ5 ማለት 4.10 ሬሾ ሲሆን፣ ጂ80 ደግሞ ራሱን የሚቆልፍ ዲፈረንሻል መኖሩን ይናገራል። በዳና አክስሎች ላይ 44፣ 60፣ 70 ወይም 80 የሚለው ቁጥር በአክስሉ ቀልጦ የተሠራ አካል ላይ ጎልቶ ይገኛል፤ በቱቦው ላይም ሻጮች ክፍል የሚፈልጉበት ረጅም ቁጥር ተቀርጿል። ዝገት ስለሚሸፍነው በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ያስፈልጋል።

የመኪናውን የሻሲ ቁጥር ለፋብሪካው ወኪል ሰጥቶ ማስጠየቅም ይቻላል። ሆኖም መልሱ የሚነግረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘውን ነው፤ ከብዙ እጅ የዞረ ቫን ደግሞ አክስሉ በአንድ ወቅት ከተሰባበረ መኪና በወጣ ሌላ አክስል ተተክቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በወረቀት የተገኘው መልስ በዓይን ከሚታየው ጋር መመሳከር አለበት።

ለማመሳከር የሚጠቅመው መጀመሪያ የቡሎኖቹ ቁጥር ነው። የፎርድ 8.8፣ የጄነራል ሞተርስ 8.5 እና 8.6፣ እንዲሁም ዳና 44፣ 60፣ 70 እና 80 አሥር አሥር ቡሎን አላቸው። የፎርድ 9.75፣ ስተርሊንግ የሚባሉት የፎርድ 10.25 እና 10.5፣ የክራይስለር 9.25 ደግሞ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አላቸው። አሥራ አራት ቡሎን ያላቸው የጄነራል ሞተርስ 9.5 እና 10.5፣ እንዲሁም አሜሪካን አክስል የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው 10.5 እና 11.5 ናቸው። ከዚህ እንደሚታየው የቡሎን ቁጥር አንዳንድ አክስሎችን ከምርጫ ለማስወጣት እንጂ አንዱን ለይቶ ለመያዝ አይበቃም።

በተለይ አሥራ አራት ቡሎን ያላቸው ሰዎችን በብዛት ያሳስታሉ። የጄነራል ሞተርስ 9.5 እና 10.5 ሁለቱም «ባለ አሥራ አራት ቡሎን» ተብለው ይጠራሉ፤ ክዳናቸው ግን አይለዋወጥም። ከዚህ የባሰው ደግሞ «10.5» የሚለው ስም ነው፤ በቆዩ የሼቭሮሌት የጭነት መኪናዎች ላይ ያለው 10.5 እና እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በወጡ ራም 2500 ዓይነት መኪናዎች ላይ የሚገኘው የአሜሪካን አክስል 10.5 በስምም በቡሎን ቁጥርም አንድ ሆነው ሳለ የተለያዩ አክስሎች ናቸው። የኋለኛው ክዳኑን የሚጋራው ከ11.5 ጋር ነው። በማስታወቂያ ላይ «ለ10.5፣ ባለ 14 ቡሎን» ብቻ ተጽፎ የሚሸጥ ክዳን ካጋጠመ፣ ለየትኛው የመኪና ስምና ለየትኛው ዓመት እንደሆነ ሳይጠየቅ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ጥርጣሬው ካልለቀቀ አንድ ርካሽ መንገድ አለ። ወፍራም ካርቶን ከክዳኑ ላይ ተደግፎ በመዳፍ ሲጫኑት የቡሎኖቹ ጭንቅላቶች አሻራቸውን በካርቶኑ ላይ ይተዋሉ፤ ካርቶኑ በአሻራዎቹ ቦታ ተበስቶ ወደ መደብሩ ቢወሰድ ከሚሸጠው ክዳን ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰውም ከአሻራ ወደ አሻራ ያለውን ርቀት በአግድምና በቁም ለክቶ ሻጩ ካወጣው ልኬት ጋር ሊያስተያየው ይችላል።

4. የክዳኑን ዓይነትና የውስጥ ቅርጹን መምረጥ

አክስሉ ከታወቀ በኋላ ገበያው የሚያቀርበው ምርጫ በአራት ይጠቃለላል፦ እንደ ፋብሪካው ከላሜራ የተጨፈለቀ፣ ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም፣ ቀልጦ የተሠራ ብረት፣ እና ከወፍራም የብረት ሳህን ተቆርጦ የተበየደ። ሻጮች በብዛት የሚያሞግሱት ባለ ክንፍ የሆነውን የአሉሚኒየም ክዳን ነው፤ ሙቀትን ያበርዳል፣ ተጨማሪ ዘይት ይይዛል፣ ለዓይንም ያምራል ይባላል። እነዚህ ሁሉ በከፊል እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ከመልኩ ይልቅ መታየት ያለበት የውስጡ ቅርጽ ነው።

ምክንያቱ ዘይቱ በዲፈረንሻል ውስጥ የሚዘዋወርበት መንገድ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የኮሮናው የታችኛው ክፍል ከዘይቱ ውስጥ እየጠለቀ ይሽከረከርና ዘይቱን በክዳኑ በኩል ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ዘይቱም የክዳኑን ክብ ግድግዳ ተከትሎ በኮሮናው አናት ላይ ያልፍና ወደ ፊት ወርዶ የፒኞኔውን ኩሽኔታዎች (ዘንጉን ይዘው እንዲሽከረከር የሚያደርጉትን ተሸካሚዎች) ያጠጣል። በፒኞኔው ዘንድ ያለው የፊተኛው ኩሽኔታ ከዘይቱ መቀመጫ የራቀ ስለሆነ ሕይወቱ በዚህ ውርወራ ላይ የተመሠረተ ነው። የፋብሪካው ክዳን የኮሮናውን ቅርጽ ተከትሎ ክብ ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። ክዳኑ ከኋላ ጠፍጣፋ ሆኖ ማዕዘን ከያዘ ዘይቱ በማዕዘኑ ተጋጭቶ ይመለሳል፣ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ አረፋም ይሠራል። አሜሪካዊው የሞተር ባለሙያ ጌል ባንክስ በግልጽ መስኮት ውስጡ የሚታይ ዲፈረንሻል አስሽከርክሮ ይህንኑ በተንቀሳቃሽ ምስል አሳይቷል። እርሱም የራሱን ክዳን የሚሸጥ ነጋዴ ስለሆነ ንጽጽሩን በዚያው ዓይን መመልከት ይገባል፤ የዘይቱ መንገድ ግን ኮሮናው ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ የሚከተል ስለሆነ በማንም ሻጭ ቃል ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ስለዚህ የውስጡን ፎቶግራፍ የማያሳይ ሻጭ ዘንድ ከመግዛት መታቀብ ይሻላል።

የሙቀትን ነገር በተመለከተ አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት ይልቅ በቶሎ ያስተላልፋል፤ ክንፎቹ የሚሠሩት ግን ነፋስ ሲያገኛቸው ነው፤ በቫን ሆድ ሥር፣ ከአክስሉ ጀርባ ያለው ቦታ ደግሞ ነፋስ በደንብ የሚደርስበት አይደለም። በዚህ ላይ አሉሚኒየም ድንጋይ ሲመታው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ላሜራ ግን ይጎደጉዳል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሰበርም። ጨው በሚበዛበት አገርም የብረት ቡሎን ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄድና ከጥቂት ክረምት በኋላ ቡሎኑን መፍታት ፈተና ይሆናል።

እንግዲህ በከተማ ውስጥ ጥቅል ለሚያደርስ፣ የቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ዕቃ ለሚጭን ቫን የሚበጀው የፋብሪካው ዓይነት የላሜራ ክዳን ነው፤ ከተቻለ ላሜራው ወፈር ያለና ቀለሙ በዱቄት ቅብ የተጋገረ ይሁን። በገበያው ርካሽ የሆነው ይህ መሆኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከባድ ተጎታች ይዞ በየጊዜው ረጅም ዳገት ለሚወጣ ፒክአፕ ውስጡ ክብ የሆነ፣ ዘይት የሚጨምር የአሉሚኒየም ክዳን ተገቢ ሊሆን ይችላል። ቀልጦ የተሠራ ብረትና ወፍራም ሳህን ድንጋያማ መንገድ ላይ ለሚውሉ መኪናዎች የታሰቡ ናቸው።

ሌላው ለብቻው መጠቀስ ያለበት ኮሮናውን ከግራና ከቀኝ ለሚይዙት የኩሽኔታ ማሰሪያዎች ድጋፍ የሚሰጡ ሁለት ቡሎኖች በጀርባው የያዘው ክዳን ነው። እነዚህ ቡሎኖች አምራቹ ባዘዘው መጠን በስሱ እንዲነኩ እንጂ እንዲጫኑ የተሠሩ አይደሉም፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቁ የኩሽኔታውን መቀመጫ ያጣምሙታል። ለእሽቅድምድም የተሠራ ዕቃ ነው፤ በሥራ ቫን ላይ የሚሰጠው ጥቅም አይታየኝም።

5. የዘይት መሙያውን ከፍታና የተረፈውን ቦታ መለካት

ይህ ክፍል በብዙ ገዢዎች ዘንድ የሚዘለል ቢሆንም ኩሽኔታ የሚያቃጥለው ወይም ፍሬን የሚያበላሸው ስህተት የሚመጣው ከዚሁ ነው። በአንዳንድ አክስሎች የዘይት መሙያው ታፖ ያለው በአክስሉ አካል ላይ ነው፤ ፎርድ 8.8 እንዲህ ያለ ነው። በሌሎች ደግሞ፣ ለምሳሌ በዳና 60፣ ታፖው በክዳኑ ላይ ይገኛል። ታፖው በአካሉ ላይ ከሆነ ክዳን መለወጥ የዘይቱን ደረጃ አይለውጠውም። በክዳኑ ላይ ከሆነ ግን የአዲሱ ክዳን ቀዳዳ ከፍታ የዘይቱ ከፍታ ይሆናል፤ «እስኪፈስ ድረስ ሙላ» የሚለው ልማድ የተመሠረተው በፋብሪካው ቀዳዳ ላይ ነውና። አዲሱ ቀዳዳ ከፋብሪካው ዝቅ ካለ ፒኞኔው ዘይት ያጥረዋል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው ወይም በመንኰራኩር በኩል ባሉት ኦይል ሲሎች ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል።

ስለዚህ አሮጌው ክዳን ገና ሳይነቀል ከታችኛው ጠርዙ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ያለው ቁመት በሜትር ይለካና ይጻፋል፤ የአዲሱም በዚሁ መንገድ ይለካል። ልዩነት ካለ አምራቹ የጻፈውን የዘይት ደረጃ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አምራቾች ዘይቱን ከቀዳዳው ዝቅ አድርጎ መሙላትን ያዛሉ፣ ሌሎች ደግሞ መለኪያ ዘንግ ከክዳኑ ጋር ይሸጣሉ። ልኬቱን የማይገልጽ አምራች የሠራው ባለ ታፖ ክዳን መመለስ ያለበት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ከክዳኑ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ይታያል። ወፍራም ክዳን ወደ ኋላ ስለሚወጣ፣ በአክስሉ ጀርባ የተንጠለጠለ ትርፍ ጎማ፣ ማመዛዘኛ ዘንግ ወይም የጭስ ማውጫ ቱቦ ሊነካ ይችላል። ከሾፌሩ ክፍል በስተኋላ ሣጥን በተገጠመላቸው የኢ ሲሪዝ ፎርዶች ደግሞ የነዳጅ ታንኩ ከአክስሉ ኋላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መለካቱ መኪናው ባዶ ሆኖ ብቻ መደረግ የለበትም፤ ጭነት ሲጫን ባሌስትራው ተጫጭኖ አክስሉ ወደ ሻሲው ስለሚቀርብ፣ አክስሉ በሚሄድበት ቅስት ሁሉ ክፍተት መኖር አለበት። የፍሬን ቱቦ መያዣ በአንዱ የክዳን ቡሎን የታሰረ ከሆነም፣ በወፍራም ክዳን ላይ ሲገጠም መያዣው ወደ ኋላ ተስቦ ቱቦውን እንዳይወጥረው ያስፈልጋል።

6. አብረው የሚገዙ ዕቃዎች

ቡሎኖቹ እንደ ክዳኑ ውፍረት ይወሰናሉ። በወፍራም ክዳን ላይ የፋብሪካው አጭር ቡሎን ቢገባ የሚነክሰው ጥርስ ጥቂት ብቻ ስለሚሆን ሲጠብቅ የአክስሉን ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ ከሚገባው በላይ የረዘመ ቡሎን ደግሞ በቀዳዳው መጨረሻ ላይ ይቆምና በእጅ ሲሞከር የጠበቀ መስሎ ክዳኑን ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ ከክዳኑ ጋር የተላከውን ቡሎን መጠቀም፣ ካልተላከም ከክዳኑ በስተጀርባ የሚወጣው የአዲሱ ቡሎን ርዝመት ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑን ማየት ያሻል።

ለማሸግ ጓርኒሲዮን ወይም ለዲፈረንሻል ዘይት የተሠራ ሲሊኮን ይበቃል፤ ሁለቱ ባንድነት አይደረጉም፤ ሲሊኮኑ ጓርኒሲዮኑን ያንሸራትተዋልና። ብረት ሆድ ያለው ባለ ጎማ ጓርኒሲዮን ውድ ቢሆንም ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። ዘይቱን በተመለከተ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያዘዘው ውፍረትና ደረጃ ይገዛል፤ በአንዱ 75ደብልዩ-90፣ በሌላው 75ደብልዩ-140 ሊሆን ይችላል። መንሸራተትን የሚገታ ዲፈረንሻል ያለው ፎርድ 8.8 ልዩ ጭማሪ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ የጄነራል ሞተርስ ጂ80 ግን ይህን ጭማሪ አይወድም።

ከተሰበሩ መኪናዎች ግቢ ያገለገለ ክዳን መግዛት፣ በአዲስ አበባም ሱማሌ ተራ እንደሚደረገው መርጦ ማንሣት፣ ነውር የለውም፤ ነገር ግን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ተደፍቶ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ጠርዙ ተጣሟልና መተው ነው። ይህ ፈተና ለአዲስ ርካሽ ክዳንም ይጠቅማል።

7. መግጠም

መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ተይዞ ሥሩ መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም። ከምንም በፊት የሚፈታው የመሙያው ታፖ ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ታፖው ዝጎ አልፈታ ቢል መኪናው ባዶውን ይቆማልና፤ አሮጌው ክዳን ታፖውን ይዞ የሚወገድ ከሆነ ብቻ ይህ ሥጋት የለም።

ከዚያ ቡሎኖቹ ከታች ጀምሮ ይወጣሉ፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ግን ላላ ብለው በቦታቸው ይቆያሉ። ክዳኑ ከታች በኩል በቀጭን መፈንቀያ ሲላቀቅ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ሰፊ ዕቃ ከሥር መደረግ አለበት፤ ሁለቱ ቡሎኖች ክዳኑ በሠራተኛው ፊት ላይ እንዳይወድቅ ይይዙታል። ሬሾው የተጻፈበት የብረት ምልክት ይቀመጥ፤ ኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። አሮጌው ክዳን በውስጡ ማግኔት ከነበረው ማግኔቱ ተጠርጎ ወደ አዲሱ ይዛወራል። በማግኔቱ ላይ የሚገኝ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚለይ የብረት ስባሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ከተገኘ ግን ሥራው እዚያው ይቁም፤ የተበላሸው ክዳኑ ብቻ አይደለምና ባለሙያ ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ማየት አለበት።

የአክስሉ ፊት የሚጸዳው በፕላስቲክ ወይም በምላጭ መፋቂያ ነው። በመቦርቦሪያ የሚሽከረከር ሻካራ ስፖንጅ ቶሎ ያጸዳል፤ ነገር ግን የሚረግፈው አሸዋ መሰል ብናኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል። የተፋቀው እንዳይገባ ክፍቱ በጨርቅ ይሸፈን፤ በመጨረሻም ሁለቱም ፊቶች በፍሬን ማጽጃ ተጠርገው ይድረቁ፤ ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት እስኪያቆም መታገሥ ግድ ነው፤ በዘይት ላይ የተቀባ ሲሊኮን አይዝም።

ሲሊኮኑ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በሚሆን ያልተቋረጠ መስመር፣ በእያንዳንዱ ቡሎን ቀዳዳ በውስጥ በኩል እያለፈ ይቀባል። ብዙ መቀባት ጥቅም የለውም፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይቆረጥና ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ክዳኑ በቶሎ፣ ሲሊኮኑ ቆዳ ሳይሠራ፣ ከላይ ባሉት ሁለት ቡሎኖች እየተመራ በቀጥታ ይገባል፤ ቡሎኖቹ ሁሉ በእጅ ከገቡ በኋላ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ በሁለት ዙር ይጠበቃሉ። መጠኑ እንደ አክስሉ ይለያያል፤ በብዙዎቹ የላሜራ ክዳኖች 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ስለሆነ በክንድ ኃይል ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ይሠራ። ከመጠን በላይ የተጠበቀ ላሜራ በቡሎኖቹ መካከል ይነፋና እዚያው ያፈሳል።

በሲሊኮኑ ቱቦ ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳያልፍ ዘይት አይሞላም። ዘይቱ የሚሞላው መኪናው ድልዳል እንደ ሆነ፣ ከኋላ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ማዕዘን እኩል ተነሥቶ ወይም መሬት ላይ ወርዶ ነው፤ ከኋላ ብቻ ከፍ ያለ መኪና የውሸት ደረጃ ያሳያል። ፎርድ 8.8 2.5 ሊትር አካባቢ ሲወስድ ትላልቆቹ ከ3 ሊትር በላይ ይወስዳሉ፤ የሚታመነው ግን በክፍል 5 የተለካው ከፍታ ነው። አሮጌው ዘይት ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ አይደፋም፤ ዘይቱ በወጣበት ዕቃ ተከድኖ ቢወሰድ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ያለ ክፍያ ይቀበሉታል።

በማግሥቱና ከጥቂት የሥራ ቀናት በኋላ መጋጠሚያው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ይታይ። በጓርኒሲዮን የታሸገ ክዳን ቡሎኖቹ በታዘዘው መጠን እንደገና ሊፈተሹ ይችላሉ፤ በሲሊኮን የታሸገ ከሆነ ግን ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ቡሎኑን ማጥበቅ ማሸጊያውን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ጠብታ ከታየ ዘይቱን አውርዶ፣ ሁለቱን ፊቶች ከመጀመሪያው አጽድቶ እንደገና ማሸግ ነው።